ድንገተኛ ክፍል በፈረቃ ስንት ነርስ ይበቃዋል? እስቲ የምታውቁ

ተረኛው_ጎንደር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ሄድ ነርስ ነኝ። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ሳይገባ «የሚያስፈልግህን ነርስ ጽፈህ አምጣ» ተብያለሁ። የተሰጠኝ ቅጽ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአልጋ ብዛት። አልጋውን ያካፍሉና «ይኸው ድርሻህ» ይሉኛል።

ድንገተኛ ክፍል ደግሞ በአልጋ አይለካም። አልጋ ሲሞላ ስትሬቸር አለ። ስትሬቸር ሲያልቅ አግዳሚ ወንበር አለ። እሱም ሲሞላ መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፋል። በቅጹ ከሄድን መሬት ላይ የተኛው ሰው ነርስ አያስፈልገውም ማለት ነው።

በቅርቡ አዳር ላይ ሳለሁ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ መጣ። ቱቦ ገባለት፤ የመተንፈሻ ማሽኑ ግን ሌላ ሰው ላይ ነበር። ነርሷ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን አምቡ ባግ እየጨመቀች ቆየች። ወዲያው ሌላ ቀይ፣ ማለት ፋታ የማይሰጥ በሽተኛ፣ ገባ። ለታካሚው ወንድም አስጨብጣው ሄደች። «ቆጥረህ ጨምቅ፣ ደረቱ ከፍ ማለቱን እይ» አለችው። ሰውየው ጋቢውን እንደለበሰ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር አደረ። ጧት ርክክብ ላይ ጣቶቹ አልዘረጋ ብለውት በሌላው እጁ ሲያላቅቃቸው አየሁት። በመዝገብ ከሄድን ያ ፈረቃ ሙሉ ነው። የጎደለ ነርስ የለም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ስንት ብዬ፣ በምን ስሌት ልጻፍ? «ብዙ ያስፈልገኛል» ብቻ ካልኩ እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ።


ማራኪ_ሠፈር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

ቀላል ነው ወንድሜ። የካሊፎርኒያን ውሰድ። ሕጉ በፈረንጆቹ 1999 ወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2004 ነው። ድንገተኛ ክፍል 1 ነርስ ለ4 ታካሚ። ጽኑ ሕሙም ከሆነ 1 ለ2። ከባድ አደጋ ከሆነ 1 ለ1። ጻፈውና ስጣቸው፤ አለቀ።


የፒያሳ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡51

ካሊፎርኒያ! እኛ እኮ ጓንት በደብዳቤ ነው የምንጠይቀው።


ሲስተር_ዘ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ማራኪ ልክ ነህ፣ ግን የጻፍከው ግማሹን ነው። እዚያ ትሪያጅ (የገባውን ሰው በአስቸኳይነቱ መለየት) ላይ ያለችው ነርስ ከ1 ለ4ቱ ውስጥ አትቆጠርም። ደግሞም ቁጥሩ በየትኛውም ሰዓት መጠበቅ አለበት። ነርሷ ምሳ ስትወጣ እንኳ የሚተካት ሰው ይኖራል። እኛ ጋ ትሪያጅ ላይ የተመደበችው ልጅ ካኑላም ትሰካለች፣ ስልክም ታነሳለች፣ በር ላይም ትሟገታለች። ስም ዝርዝሩ ላይ ግን ስድስት በሽተኛ የያዘች ሙሉ ነርስ ናት።

የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያም በፈረንጆቹ የ2015 ሕግ አላት። ድንገተኛ ክፍል 1 ነርስ ለ3 አልጋ፤ የፈረቃ ኃላፊዋና ትሪያጇ ከዚያ ውጭ ናቸው። አዎ፣ እነሱም የሚቆጥሩት በአልጋ ነው። ነገር ግን የእነሱ አልጋ አልጋ ነው፤ ከሥሩ ሌላ ሰው አልተኛም።


ቁጥር_ወዳድ | ረቡዕ፣ ጧት 1፡30

ነርስ አይደለሁም፣ የጤና መረጃ ላይ ነው የምሠራው። እንግሊዞችም ለድንገተኛ ክፍል የነርስ ቁጥር መመሪያ ማርቀቅ ጀምረው በፈረንጆቹ 2015 አቁመውታል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የተዘጋጀ ቁጥር ከመፈለግ ከራስህ መዝገብ ብትነሳ ይሻልሃል።

የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው። በየሰዓቱ ስንት ሰው ይገባል? አንድ ሰው ከገባ ስንት ሰዓት ይቆያል? ሁለቱን ስታባዛቸው በአንድ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ይሰጡሃል። ጆን ሊትል የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ነው፤ ለባንክ ወረፋም ለድንገተኛ ክፍልም እኩል ይሠራል።

ለምሳሌ ብለን እንያዝ። በሰዓት 6 ሰው ይገባል፣ እያንዳንዱ 5 ሰዓት ይቆያል። 30 ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ። በ1 ለ4 ብትሄድ 8 ነርስ። ትሪያጅና ኃላፊ ስትጨምር 10። አሁን ቆይታውን ወደ 4 ሰዓት አውርደው። 24 ሰው፣ 6 ነርስ፣ ከሁለቱ ጋር 8። አንድም ሰው ሳይቀጠር የሁለት ነርስ ሥራ ቀለለ። ላብራቶሪ ውጤት ቶሎ ቢመጣ፣ ዋርድ (የተኝቶ ሕክምና ክፍል) አልጋ ቶሎ ቢለቅ ማለት ነው።

ደግሞ አማካይ አያታልልህ። የድግስ እንጀራ የሚጋገረው ለጠቅላላው እንግዳ ነው፤ አስተናጋጅ የሚመደበው ግን ሁሉም ለሚቀመጥበት ሰዓት ነው። አማካዩ በሰዓት 6 ከሆነና ሰዎች በዘፈቀደ የሚመጡ ከሆነ፣ ከየስድስት ወይም ሰባት ሰዓቱ በአንዱ 9 ሰው ወይም ከዚያ በላይ ይገባል። ይህ ያልተለመደ ቀን አይደለም፤ ተራ ረቡዕ ነው።


ተረኛው_ጎንደር | ረቡዕ፣ ጧት 2፡05

ይህ ገባኝ። ካርድ ክፍል የገባበት ሰዓት ይመዘገባል፤ የወጣበት ግን አንዳንዴ ነው የሚጻፈው።


ቁጥር_ወዳድ | ረቡዕ፣ ጧት 2፡12

የወጣበት ከሌለህ በየሁለት ሰዓቱ ራስ ቁጠር። ተረኛዋ ዞር ዞር ብላ «አሁን 27» ብላ ትጻፍ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ወለል ላይ ያለውንም፣ ኮሪደር ላይ ያለውንም።


አዘዞ_07 | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ራስ ብቻ ቆጥራችሁ እንዳትቀሩ። ሠላሳ አረንጓዴና ሠላሳ ብርቱካናማ አንድ ነው እንዴ? የደቡብ አፍሪካውን የትሪያጅ መለኪያ የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ። ቀይ ወዲያው፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ይታያል። አረንጓዴው ቁስሉን አሽጎ ይሄዳል። ቀዩ ግን ኦክስጅን፣ ሁለት መስመር፣ ናሙና፣ ደም፣ ካቴተር፣ በየሩብ ሰዓቱ ቫይታል ሳይን። አንዱ ቀይ ሁለት ነርስ አስሮ ይይዛል፤ የቀሩት ሃያ ሰዎች በዚያ ሰዓት ነርስ የላቸውም።

ስለዚህ ራስ ስትቆጥር በቀለም ቁጠር። ቀይ ስንት፣ ብርቱካናማ ስንት እያልክ። ለቀይ 1 ለ1፣ ለብርቱካናማ 1 ለ2 ወይም ለ3፣ ለቢጫ 1 ለ4 ወይም ለ5። እነዚህ የእኔ ቁጥሮች ናቸው፤ አንተ ከልጆቹ ጋር ተመካክረህ የራስህን አውጣ። የጻፍከውን ግን ከአለቃህ ጋር ቀድመህ ተስማማበት፤ አለዚያ በኋላ «ይህን ከየት አመጣኸው» ይመጣል።


ከደባርቅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡55

እኔ ከላኪው በኩል ነኝ። እናንተ «ሪፈር አጥለቀለቀን» ስትሉ እሰማለሁ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘን የምንመጣው ለሽርሽር አይደለም። ግን አንድ ነገር አምናለሁ። ከየወረዳው አርብ ከሰዓት ሪፈር ይበዛል፤ ቅዳሜና እሑድ ሐኪም ስለሚሳሳ ሁሉም ሳይመሽ መላክ ይፈልጋል። እናንተ ጋ ደግሞ አርብ ማታ ፈረቃው የሚቀንስበት ነው አይደል? ተገናኙ እንግዲህ።

ደውሎ መላክ ቢለመድ ግማሽ ችግር ይቀል ነበር። ስልኩን የሚያነሳ ግን ማነው? በሽተኛ የያዘች ነርስ።


ሲስተር_ዘ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

አርብን በተመለከተ እግዜር ይስጥህ፣ እውነት ነው። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ አለ። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ የገለበጠው፣ ማታ በዱላ የተፈነከተው። ቅዳሜ ገበያ የተሰየመ ተጨማሪ ነርስ ሊኖረን ይገባል እያልን እንቀልዳለን።

ወቅትም አለ። ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የመተማና የሁመራ መንገድ ይመጣል። ሰሊጥ ሊያጭዱ የወረዱ ልጆች ወባ ይዘው፣ እባብ ነድፏቸው፣ አንዳንዶቹም ካላዛር ይዘው ከስተው ይመጣሉ። እነሱ ደግሞ አስታማሚ የላቸውም። ለሥራ የወጣ ሰው ማን አብሮት ይመጣል? ማጉረሱም፣ ማገላበጡም፣ መድኃኒት ቤት መሄዱም ነርሷ ላይ ነው። በዓመት አማካይ ከሠራህ ጥቅምት ላይ ትጠፋለህ፣ የካቲት ላይ ትተርፋለህ።

ጥምቀትን አልረሳሁም። የ2012ቱን ታስታውሳላችሁ፤ ፋሲለደስ መዋኛ የእንጨቱ ርብራብ ተደርምሶ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ተጎዱ። እንደዚያ ላለ ቀን በቋሚ ቅጥር አይቻልም። ማን ይጠራል፣ በስንት ደቂቃ ይደርሳል፣ ማን ይደውላል የሚል ዝርዝር ግን ጥር 10 ሳይመጣ ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት። ፈቃድም በዚያ ሳምንት አይሰጥም። እኔ ራሴ ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ካከበርኩ ቆይቻለሁ።


አስታማሚ_ነበርኩ | ሐሙስ፣ ጧት 3፡10

የሕክምና ሰው አይደለሁም፣ ይቅርታ። አባቴን ይዤ ገብቼ ነበር። ስለ ነርስ ማነስ ስታወሩ እሰማለሁ፤ እኛ ያየነው ግን ነርሶቹ ሲሮጡ ነው፣ በሽተኛ ጋ ሲቆሙ አይደለም። አንዷ ኦክስጅን ሲሊንደር ስትገፋ አየኋት። ሌላዋ ናሙና ይዛ ላብራቶሪ ሄዳ ቀረች። ስትመለስ ወረቀት ትሞላለች። የአባቴን ጉሉኮስ ማለቁን የነገርኳት እኔ ነኝ። አንዳንዷም ትቆጣለች፣ ይህንንም እንናገር። ሠራተኛ ቢጨመር መልካም፤ ግን ሲሊንደር የሚገፋ ሰው ብትቀጥሩ አይቀልም?


የፒያሳ_ልጅ | ሐሙስ፣ ጧት 3፡14

ትቆጣለች ካልክ ማን እንደሆነች ንገረንና


አወያይ | ሐሙስ፣ ጧት 3፡30

የሰው ስም፣ የሆስፒታል ስም አይጠቀስም። የፒያሳ ልጅ፣ ይብቃህ።


የቀድሞዋ_ሜትረን | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡45

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የልጅ ልጄ ናት ይህን ከፍታ ያሳየችኝ።

አስታማሚ ነበርኩ ያለው ሰው ከሁላችሁም በላይ ተናገረ። የነርስ እጥረት ስትሉ መጀመሪያ የነርስ ያልሆነውን ሥራ ከላይዋ አውርዱ። ናሙና ማድረስ፣ በሽተኛ ወደ ኤክስሬይ መግፋት፣ መድኃኒት ቤት መመላለስ፣ ካርድ ፍለጋ። ፖርተር ወይም ሯጭ ከነርስ ደመወዝ ባነሰ ይገኛል። በፈረቃ አንድ ሯጭ ቢኖር ስንት የነርስ ሰዓት እንደሚተርፍ ለክታችሁ ጻፉ።

ሌላው ማንም ያልነካው። «10 ነርስ በፈረቃ» ስትሉ የጻፋችሁት የወንበር ቁጥር ነው፤ የሰው ቁጥር አይደለም። አንድ ወንበር ሌሊትና ቀን፣ ሰባቱንም ቀን ሲያዝ በሳምንት 168 ሰዓት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት የሚሠራው 39 ሰዓት ነው። 168 ለ39 ሲካፈል 4.3 ሰው። ይህ ማንም ሳይታመም፣ ሳይወልድ፣ ሳይሠለጥን ነው።

የዓመት ፈቃድ ከ20 የሥራ ቀን ይጀምራል፣ አገልግሎት ሲጨምር ይጨምራል። በዓል አለ፣ ሕመም አለ፣ ሥልጠና አለ። ዝቅ አድርገን በዓመት 40 ቀን እንበል። ከ260 የሥራ ቀን 220 ይቀራል። 4.3ቱ ወደ 5.1 ይወጣል። ለአንድ ወንበር አምስት ሰው ያዙ። ድንገተኛ ክፍል ያሉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ ሕጋዊ መብታቸው ነው፣ ደስም ይበለን። ግን ማን ይተካቸዋል? በእኔ ጊዜ መልሱ «የቀሩት ይሸፍኑ» ነበር። የቀሩት ዲዩቲ እየደራረቡ ሸፈኑ፤ ከዚያ እነሱም ታመሙ፣ ለቀቁ፣ ወደ ዓረብ አገር ሄዱ።


ተረኛው_ጎንደር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

እናቴ፣ እግዜር ያክብርዎ። አንቱ ያሉትን የወንበርና የሰው ልዩነት አንድም ስብሰባ ላይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

የራሴን ቁጥር እዚህ አልለጥፍም፣ የቤት ጉዳይ ነው። በቁጥር ወዳድ ምሳሌ ልሞክር። ጧት 8፣ ከሰዓት እስከ ምሽት 10፣ አዳር 6፤ እያንዳንዱ ፈረቃ 8 ሰዓት። በቀን 192 የነርስ ሰዓት፣ በሳምንት 1,344። ለ39 ሲካፈል 34.5፣ ፈቃዱና ሌላው ሲታሰብ (260 ለ220) 41 ሰው ገደማ። ሦስቱንም ፈረቃ 10 ባደርገው ደግሞ 51። ማለት ነርስን ከሰዓቱ ጋር ማስኬድ ብቻውን የአሥር ሰው ልዩነት አለው። ልክ ነኝ?


ቁጥር_ወዳድ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡52

ስሌቱ ልክ ነው። የአዳሩን 6 ግን ከመዝገብ አረጋግጥ። ማታ የሚገባው ሰው ይቀንሳል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ግን ላይቀንስ ይችላል። ምሽት የገቡት አሉ፣ የዋርድ አልጋ የሚጠብቁትም አሉ።

ያለህ 30 ሰው ቢሆን 30 ለ41፣ 0.73 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ዊስን የሚባለው ዘዴ ውጤቱን የሚያሳየው በዚህ ዓይነት ነው። 1 ከሆነ በቂ ነው፣ ከ1 ካነሰ ጫና አለ። ዊስን ራሱ የሚነሳው ከእያንዳንዱ ሥራ ደቂቃ ነው፤ ካኑላ ስንት ደቂቃ፣ ርክክብ ስንት ደቂቃ እያለ። አለቆች ስሙን ያውቁታል። ቅጹ ላይ «በዊስን አቀራረብ» ብትል «ከየት አመጣኸው» ይቀንሳል።


አዘዞ_07 | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

የዋርድ አልጋ የሚጠብቁት የተነሳው ጥሩ ሆነ። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። «ይተኛ» ተብሎ ተጽፎለት ቦታ አጥቶ ድንገተኛ ክፍል የሚያድረው ሰው የማን ነው? አሥር እንደዚህ ያሉ ሰዎች ካሉህ ሁለት ወይም ሦስት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ የዋርድ ሥራ ነው የምትሠራው። መድኃኒት በሰዓቱ፣ ማገላበጥ፣ ቁስል ማጠብ። ድንገተኛው በሌላ ነርስ ይታይ ማለት ነው፤ ሌላ ነርስ ደግሞ የለም።

ሆስፒታሎች ከሚጠየቋቸው መለኪያዎች ሁለቱን ታውቃላችሁ። በሽተኛው በደረሰ በ5 ደቂቃ ትሪያጅ መደረጉና ከ24 ሰዓት በላይ ድንገተኛ ክፍል የቆየው ስንት እንደሆነ። ሁለተኛውን ሪፖርት ላይ ቁጥር አድርገን እንልካለን፤ የነርስ ዕቅድ ላይ ግን ማንም አያስገባውም። አንተ አስገባው። ለብቻው መስመር ስጠው።


ማራኪ_ሠፈር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡41

እሺ ካሊፎርኒያን አንሥቻለሁ። ግን አንድ ነገር ጨምሩለት። በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ላይ የሊንዳ ኤይከን ጥናት በፈረንጆቹ 2002 ወጥቷል። ለአንድ ነርስ አንድ ታካሚ ሲጨመር፣ የቀዶ ሕክምና ታካሚ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ይላል። የበጀት ሰው ሞት ሲሰማ ቀና ይላል።


ሲስተር_ዘ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡55

ጥሩ ጥናት ነው፣ ግን የተጠናው የቀዶ ሕክምና ታካሚ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል አይደለም። ስትጽፈው እንደዚያው ብለህ ጻፍ። አንዱ ጎበዝ ከተነሣብህ ሰነዱ በሙሉ ይወድቃል።

እኔ ብሆን የዚያን ሌሊት አምቡ ባግ ነው የማስቀድመው። አስታማሚ የሠራውን የነርስ ሥራ ለጥቂት ፈረቃ ብቻ መዝግቡ። ማን ጨመቀ፣ ማን አገላበጠ፣ ማን ጉሉኮስ አለቀ አለ። ያ ሥራ አሁንም እየተሠራ ነው፤ ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ስለሚሠራው ብቻ ነው ቅጹ ላይ የማይታየው።


የፒያሳ_ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

ይህን ስሰማ አስታማሚዎች ማኅበር ያቋቁሙ፣ የዲዩቲ ክፍያ ይጠይቁ እላለሁ። ቀልዴን አይደለም።


ከደባርቅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡22

አንድ ጥያቄ። 41 ብለህ ጽፈህ 3 ቢሰጡህስ? የት ታስገባቸዋለህ?


የቀድሞዋ_ሜትረን | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሦስቱን በሦስቱ ፈረቃ አንድ አንድ እንዳታደርጋቸው ልጄ። ከወንበር ሒሳብ ሦስት ሰው አንድ ወንበር እንኳ ሌት ተቀን አይሞላም። መዝገብህ በጣም የሚጨናነቀውን ሰዓት ያሳይሃል። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 5 የሚሠራ መካከለኛ ፈረቃ አውጣና እዚያ አስቀምጣቸው። በሁለት ፈረቃ ላይ ስለሚደራረብ የምሽቱን ርክክብም ይሸፍንልሃል። ልጆቹ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ በዚያ ሰዓት ባጃጅ ውድ ነው። ሰርቪስ ካልተመደበላቸው አትጀምረው።


ተረኛው_ጎንደር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡05

ዛሬ ጽፌ ጨረስኩ። የአልጋውን ቅጽ እንዳለ ሞላሁት፣ ከጀርባው ሁለት ገጽ አያያዝኩ። የየሁለት ሰዓቱ ቆጠራ በቀለም፣ አልጋ የሚጠብቁት በተለየ መስመር፣ ወንበሩ ወደ ሰው ሲቀየር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሰው። በመጨረሻ የሜትረንን ሯጭ ጠየቅሁ፤ በፈረቃ አንድ። የነርሱን ቁጥር ቢከለክሉኝ ሯጩን የሚከለክሉበት ምክንያት አይታየኝም። የጥምቀቱ የስም ዝርዝር ለብቻው ነው፣ እሱን ማንም ሳይፈቅድልኝ ከወዲሁ እለጥፈዋለሁ።

አስታማሚ የሠራውን ምዝገባ ዛሬ ማታ ጀምረናል። ትሪያጅ ላይ ያለችው ልጅ «ይህን ደግሞ ማን ይሞላዋል?» አለችኝ።


ከደባርቅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡18

ሯጩ ይሙላው። የቆጠራውን ሰንጠረዥ በቴሌግራም ላክልኝ፤ እኛም ጋ ቅጹ ያው የአልጋው ነው።